«እኔ» የሚለውን ሰርዢው ተባልኩ

የሳይካትሪ ነርስ ነኝ። የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌ የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው ስለሚያስታምሙ ቤተሰቦች ነበር። ረቂቁን ሳስገባ መግቢያው ላይ አንድ ገጽ ጨመርኩ። ታናሽ ወንድሜ ስኪዞፍሬኒያ እንዳለበት፣ እኔም ራሴ አስታማሚ እንደሆንኩ የሚናገር ገጽ ነው። አማካሪዬ ከዳር እስከ ዳር አሰመሩበት። «ይሄ ጥናት ነው፣ የግል ማስታወሻ አይደለም። እኔ የሚለውን ሰርዢው» አሉኝ። ሰረዝኩት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የሚቆጨኝ መጠይቁ ላይ ያልነበረ ነገር ስለማውቅ ነው። መጠይቁ የአስታማሚን ጫና ከ0 እስከ 4 ያስከብባል። ቤታችን ቡና መጠራራት የቀረው ለምን እንደሆነ ግን አይጠይቅም። እናቴ ጎረቤት መጥራት የተወችው ደክሟት አይደለም። ወንድሜ ብቻውን ሲያወራ ሰው እንዳይሰማው ብላ ነው። «ከሰው ጋር ያለዎት ግንኙነት ተጎድቷል ወይ?» ብትባል፣ «ኧረ ደህና ነን፣ ተመስገን» ነው የምትለው። በቃ፣ 0 ይከበባል።

ቁጥር አያስፈልግም አልልም። ቡታጅራ ላይ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ቤት ለቤት ባይጠየቁ ኖሮ፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም በገጠር ምን ያህል እንዳለ በግምት ነበር የምናወራው። የኔ ጥያቄ ከቁጥሩ ጎን ለኖረበት ሰውም ቦታ ይሰጠው ነው።

ይሄ ደግሞ ከሜዳ የመጣ ሐሳብ አይደለም። የራስን ሕይወት እንደ ጥናት መረጃ መመርመር አውቶኢትኖግራፊ ይባላል። እንግሊዝ ውስጥ እነ አሌክ ግራንት፣ የአእምሮ ጤና ነርስም መምህርም ሆነው፣ ስለ ገዛ ችግራቸው ጽፈው በሙያው መጽሔት አሳትመዋል። ከዚያ በፊትም አሜሪካዊቷ ነርስ ሂልዴጋርድ ፔፕላው እ.ኤ.አ. በ1952 የነርሷና የታማሚው ግንኙነት ራሱ ሕክምና እንደሆነ አስተምራለች። እዚህም ክፍል ውስጥ እንማረዋለን። ነርሷ የሕክምናው አካል ከሆነች፣ ጥናት ላይ ስትደርስ ለምን እንደሌለች ትቆጠራለች?

«ሁሉም የራሱን ታሪክ ካወራ ጥናቱ የቱ ጋ ነው?» የሚሉ አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ስለኖርኩት ብቻ ያልኩት ሁሉ ልክ አይሆንም። ይሄንን ያስተማረኝ ወንድሜ ነው።

ከተመረቅኩ በኋላ ያንን ገጽ አስፍቼ ጻፍኩት። ታሪኩ የእኔ ብቻ ስላልሆነ ለማንም ከማሳየቴ በፊት ለሱ ሰጠሁት። አንዱን አንቀጽ አውጪልኝ አለኝ፣ አወጣሁት። ሌላ ቦታ ላይ «ሕመሙን ስላላመነ መድኃኒቱን አቆመ» ብዬ ነበር። እሱ ጋ ሲደርስ ቀና አለ።

«አላመነም ያለሽ ማነው? እጄ እየተንቀጠቀጠ ሰው ፊት ስኒ መያዝ አቅቶኝ ነው የተውኩት።»

ሃሎፔሪዶል እጅ እንደሚያንቀጠቅጥ ጠፍቶኝ አይደለም። በየቀኑ የምሰጠው መድኃኒት ነው። ከስኒው ጋር ግን አላገናኘሁትም። እናቴ ሰው መጥራት የተወችው እሱን ልትሸፍን ነው፤ እሱ ደግሞ መድኃኒቱን የተወው ሰው መሀል ቁጭ ብሎ ቡና ለመጠጣት ነው። አንድ ቤት እየኖርን አንዳችን ያንዳችንን አናውቅም ነበር። እኔ ደግሞ በሥራ ላይ ስንት ሰው ካርድ ላይ «ኢንሳይት የለውም»፣ ማለትም መታመሙን አይረዳም፣ ብዬ እንደጻፍኩ አሰብኩ። ስንቱን ስለ እጁ ጠየቅኩት? አሁን መድኃኒት ያቆመ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን መሥራት እንዳቃተው ነው።

ይሄ በኔ እምነት ግኝት ነው። የተገኘውም «እኔ» ብዬ ስለጻፍኩ፣ የጻፍኩትንም የሚመለከተው ሰው አይቶ ስላረመኝ ነው።

ስለዚህ የነርሲንግ ትምህርት ክፍሎችን የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። በራሱ ልምድ ላይ መሥራት የሚፈልግ ተማሪ ይፈቀድለት። በታሪኩ ውስጥ ያሉት ሰዎች አስቀድመው አንብበው ይስማሙ፣ የሚሰረዝ ካለም ይሰረዝ። ከፈታኞቹ አንዱ ደግሞ ሕመሙን በራሱ ያየ ሰው ይሁን፤ የአበሉን ነገር ለሌሎቹ ፈታኞች እንደሚደረገው ማድረግ ነው።