ኢንተርኔቱን ሳይሆን ጥያቄውን ቀይሩ

አንድ የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ከእንግዲህ ተማሪዎቹ ከኢንተርኔት ፈልገው የሚሠሩት የክፍልም ሆነ የቤት ሥራ እንደማይሰጥ ሰሞኑን በቴሌግራም ለወላጆች አስታውቋል። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ልጆቹ ይገለብጣሉ።

አዎ፣ ይገለብጣሉ። ግን ምን ተብለው ታዘዙ? «ስለ ዓባይ ወንዝ አምስት ገጽ ጽፋችሁ አምጡ።» ይህ ጥያቄ ነው? መልሱ ተጽፎ የተቀመጠ ነገር የታዘዘ ልጅ ከመገልበጥ ሌላ ምን ያድርግ? ሰማያዊ ሊንኮቹ እንኳ ሳይነሱለት ታትሞ፣ የተማሪ ስም ያለበት ሽፋን ተደርጎለት የቀረበ አሳይመንት አይቻለሁ። ከአሥር ስምንት ተሰጥቶታል። ያንን ሥራ ያዘዘውና ያረመው መምህር ሳይጠየቅ ቅጣቱ ልጁ ላይ ማረፉ ያንገበግባል።

መላው ከተገኘ ቆይቷል። በርኒ ዶጅ የተባለ የሳንዲያጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህር እ.ኤ.አ. በ1995 «ዌብክዌስት» የሚባለውን ዘዴ አስተዋውቋል። መምህሩ ድረ ገጾቹን አስቀድሞ ይመርጣል፣ ሚና ያከፋፍላል፣ በምን እንደሚያርምም ከመነሻው ይናገራል። ተማሪው ሲፈልግ አይውልም፤ ያነበበውን ያመዛዝናል።

አቢጃታ ሐይቅን እንውሰድ። ከዝዋይ ሐይቅ የሚወጣው የቡልቡላ ወንዝ ይመግበዋል፤ ዝዋይ ዙሪያ መስኖና የአበባ እርሻ አለ፤ ከራሱ ከአቢጃታም የሶዳ አሽ (ለመስታወትና ለሳሙና መሥሪያ የሚውል ኬሚካል) ፋብሪካ ውሃ ሲስብ ኖሯል። አንዷ ተማሪ ለመስኖ ገበሬው፣ አንዱ ለፋብሪካው፣ ሌላው ሐይቁ ላለበት ብሔራዊ ፓርክ ይቁም። ጉግል ኧርዝ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ያለውን የሳተላይት ምስል በነፃ ያሳያል፤ ሐይቁ ዳርቻውን እየለቀቀ ሲሸሽ ልጆቹ በዓይናቸው ያዩታል። ከዚያ ይጠየቁ፦ ውሃው ለሁሉም ካልበቃ ማን ይቅደም? ለምን? እስቲ ይህን ከየት ይገለብጡታል? ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይጽፍላቸዋል የሚለኝ ካለ፣ ልጁ ክፍል ፊት ቆሞ የገበሬው ወገን በጥያቄ ሲያፋጥጠው ስልኩ አይደርስለትም።

ዘዴው መምህሩን ከሥራ ውጪ ያደርገዋል የሚሉም አሉ። ይህ ከሁሉም የባሰ ክርክር ነው። መምህሩን ዳር ያስያዘውስ በ1997 ዓ.ም. የገባው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ነበር፤ ትምህርቱ ከሳተላይት ሲወርድ እሱ ቆሞ ይመለከት ነበር። እዚህ ግን ጥያቄውን የሚቀርጸው፣ ምንጩን የሚያጣራው፣ ክርክሩን የሚመራው እሱ ነው። ያለ ጎበዝ መምህር ዌብክዌስት የሚባል ነገር የለም፤ አንዳንዶች ዘዴውን የሚሸሹትም ለዚሁ ይመስለኛል፤ ሥራ አለዋ!

መብራትና ኔትወርክ በሌለበት የገጠር ትምህርት ቤት ነገሩ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ከወላጅ የኮምፒውተር ክፍያ የሚሰበስብ ትምህርት ቤት ግን ይህን ሊያነሳ አይችልም። ገጾቹን አስቀድሞ አውርዶ በአንድ ላፕቶፕና በአንድ ፕሮጀክተር ማስተማር ይቻላል።

ወላጆች በሚቀጥለው ስብሰባ የልጆቻቸውን ውጤት ብቻ አይጠይቁ። ዘንድሮ የተሰጡት አሳይመንቶች ከነጥያቄያቸው ጠረጴዛ ላይ ይቅረቡና ክልከላው ማን ላይ መውደቅ እንደነበረበት አብረን እንይ።