ጃካራንዳ ግድግዳ ሥር አይተከልም

ስለ ግቢ ዛፍ አተካከል የወጣ አንድ ጽሑፍ ጃካራንዳን ከግድግዳ በ2 ሜትር ርቀት መትከል ይቻላል ይላል። እባካችሁ አታድርጉት፤ ከ10 ሜትር በላይ የሚያድግ ዛፍ ነው። በተለይ መረሬ አፈር ላይ ትልቅ ዛፍ በበጋ ውሃውን ሲመጥ አፈሩ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ሲገባ መልሶ ያብጣል። መሠረቱም አብሮ ይንቀሳቀስና ግድግዳው ይሰነጠቃል።

ለአዲስ አበባ ጠባብ ግቢ ቦትል ብራሽ (አበባው የጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ የሚመስል ዛፍ) ይሻላል፤ ቁመቱ መጠነኛ ነው፣ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም፣ መከርከምም ይችላል። ወይራም ጥሩ ነው፣ ትዕግሥት ካላችሁ። የመረጣችሁትን ዛፍ ከግድግዳው 4 ሜትር፣ ከፍሳሽ ቱቦ ደግሞ ራቅ አድርጋችሁ፣ በምዕራብ በኩል ትከሉት፤ ቤቱን የሚያግለው የከሰዓት ፀሐይ ነው።

ጉድጓዱ 60 በ60 ሴንቲሜትር ይበቃል። የላይኛውን አፈር ለብቻው አውጡና ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅላችሁ መልሱት። ብዙ ችግኝ የሚበላሸው ከነፕላስቲኩ ስለሚቀበር ነው፤ ሥሩ እንደ ገመድ ተጠምዝዞ ይቀርና ዛፉ ከፍ ሲል ንፋስ ይጥለዋል። ፕላስቲኩን በምላጭ ቀዳችሁ አውጡ፣ የተጠማዘዘውንም ሥር ቁረጡ። አፈሩን ግንዱ ላይ አትከምሩት፣ አንገቱ ይበሰብሳል። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ተክላችሁ፣ ዝናቡ ሲያበቃ በየሳምንቱ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ቀስ እያላችሁ አጠጡት።