እርማት፦ የጠፋውን ዜሮ «ቴክስት» አይመልሰውም
«ኤክሴል ላይ የለጠፍነው ስልክ ቁጥር የፊቱን ዜሮ ካጣ፣ ሴሉን (ሳጥኑን) ወደ ቴክስት፣ ማለትም ወደ ጽሑፍ ዓይነት፣ መቀየር ይበቃል» የሚሉ አሉ። አይበቃም። ጅማ ላይ የቡና አቅራቢዎችን ስልክ የሚመዘግብ ሰው ያውቀዋል፤ በ0917 የሚጀምረው በ917 ጀምሮ ይቀመጣል፣ በኋላ ቴክስት ቢሉትም ያው ነው። ዓምዱ ቴክስት መሆን ያለበት ከመለጠፉ በፊት ነው፤ ሲለጥፉም የምንጩን ቅርጽ አያስከትሉ።

ስልኩስ አሥር አሃዝ መሆኑ ስለሚታወቅ 0000000000 የሚል ቅርጽ ቢሰጡት ዜሮው ይታያል። የሚያስፈራው 16 አሃዝ ያለው የካርድ ቁጥር ነው። ኤክሴል በቁጥርነት የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ ስለሆነ የመጨረሻውን ምንም ሳይናገር ዜሮ ያደርገዋል (ሌባ እንኳ ኮቴ አለው!)፤ ከዋናው ሰነድ እንደገና ከመቅዳት ሌላ መድኃኒት የለም። በዜሮ የማይጀምር 13 አሃዝ ያለው የባንክ ሒሳብ ቁጥር አጥሮ፣ መጨረሻው ላይ E+12 ተጽፎበት ቢታይ ግን አይደንግጡ፤ አሃዙ ሁሉ ውስጡ አለ።