ዕድር ለሞት፣ ለሕመምስ?

ወገኖቼ፣ የዕድር መዋጮ አንድ ወር ሲያልፈን ያሳስበናል። ቅጣቱን እንፈራለን፣ የጎረቤትን ዓይን እንፈራለን። ድንኳኑና ንፍሮው በጊዜው እንዲደርስልን ዕድሜ ልካችንን እንከፍላለን። ለጤና መድን በዓመት አንድ ጊዜ ክፈሉ ስንባል ግን «ምን አሞኝ ነው የምከፍለው?» እንላለን። ቀብራችንን በመዋጮ አሰናድተን ሕመማችንን ለዕድል ትተነዋል። አላግባብ ነው፣ ፊት ለፊት ልንገራችሁ።

አንድ ጎረቤቴ ደም ግፊት እንዳለባቸው ያውቁ ነበር። የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ክኒኑን የሚሰጠው በትንሽ ገንዘብ ነው፤ ወረፋው ሲያሰለቻቸው ተዉት። አንድ ሌሊት ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሰሰ። ልጆቻቸው አንድ የግል ሆስፒታል ይዘዋቸው ሮጡ፤ ከሁሉ በፊት የተጠየቁት ዲፖዚት ነበር። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ያደሩበት አንዱ ሌሊት ብቻ ከልጃቸው የወር ደመወዝ ይበልጥ ነበር። የባንክ ቁጥሩ በፌስቡክ ተለጠፈ፣ ውጭ ያለ ዘመድ ላከ፣ እሱም አለቀ። በመጨረሻ የሪፈር ወረቀት ተጽፎላቸው ወደ መንግሥት ሆስፒታል ሄዱ፤ እዚያም ብዙ አልቆዩም። ዕድራችን ግን በሰዓቱ ደረሰ። ድንኳኑ ሲተከል እያየሁ ያለቀስኩት ለእሳቸው ብቻ አልነበረም።

የግሉን ሐኪም ቤት ለመውቀስ አይደለም። የቤት ኪራዩን፣ በውጭ ምንዛሪ የመጣውን ማሽን፣ የባለሙያውን ደመወዝ የሚያወጣው ከሕመምተኛው ነው፤ ስለዚህ ይወደዳል። የመንግሥቱ የሚረክሰው የቀረውን በግብራችን አስቀድመን ስለከፈልን ነው። የከፈልንበትን ጥለን እንደገና እንከፍላለን ማለት ነው! ስንት ጊዜ ነው ማታ በግል ክሊኒክ ያየን ስፔሻሊስት ጠዋት በመንግሥት ሆስፒታል ነጭ ጋዋን ለብሶ የምናገኘው? በአገራችን ከጤና ወጪው ሲሶ የሚጠጋው በቀጥታ ከታማሚ ኪስ የሚወጣ ነው፤ ላም የሚያሸጥ፣ ልጅ ከትምህርት የሚያስቀር ወጪ።

«መድኃኒት የለም፣ ከውጭ ግዙ ይሉናል» ትላላችሁ። እውነት ነው። ሪኤጀንት፣ ማለትም የላቦራቶሪ መመርመሪያው ኬሚካል፣ አልቋል፣ ማሽኑ ተበላሽቷል ይባላል፤ መድን ከፍሎ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ቢቆጣ ይገባዋል። ግን ቁጣውን የት አደረሳችሁት? መናገር የሚችለው ነጋዴም፣ ምሁርም፣ ባለሥልጣንም የመንግሥቱን ሆስፒታል ትቶ ሄዷል። የቀረው ካርድ ክፍል በር ላይ ከሌሊቱ ጀምሮ ተሰልፎ፣ ነርሷ እንዳትቆጣው የሚሰጋ ድሃ ነው። የአፍሪካ መንግሥታት በ1993 ዓ.ም. አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና እናውላለን ብለው ቃል ገብተው ነበር። ከመካከላችን ማን ጠየቀ?

እናንተ ደመወዝተኞች ደግሞ፣ የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ 690/2002 የወጣው ለእናንተ ነበር። ሠራተኛው 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ ይክፈል ሲባል «ከደመወዜ ሊቆረጥ ነው» ብለን አጉረመረምን፤ ትግበራውም ዓመታት ተንከባለለ። ገበሬው ግን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረውን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ይዞ ቀድሞን ሄደ። እህሉን ሸጦ የሚከፍል ሰው፣ ወር በገባ ቁጥር ደመወዝ የሚቀበለውን ቀደመው።

የፊታችን እሑድ ዕድር ስንሰበሰብ፣ ዳኛው ስም ከመጥራታቸው በፊት አንድ ሰው እጁን ያውጣና መድኑን ያደሰው ማን እንደሆነ፣ ያላደሰውም ለምን እንዳላደሰ ይጠይቅ። መክፈል ላቃተው ከዕድሩ ካዝና ይከፈልለት። መድኃኒት አጥቶ የተመለሰ ካለ ስሙን እንመዝግብና ሦስት ሽማግሌ መርጠን ሰኞ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያው ኃላፊ እንላክ። እኔም አብሬ እሄዳለሁ።