ጨረር በነጠላ

ማዶ ያሉት ጎረቤቴ፣ እትዬ፣ ማይክሮዌቭ ሲሠራ ቤቴ አይቀመጡም። ገና «ጢጥ» ሲል ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ስበው ኮሪደር ይወጣሉ። ጨረር በነጠላ! ሰሞኑን ደግሞ ባሰባቸው። ሽሮ ላሞቅ ስል ክንዴን ያዙኝና፣ «የኔ ልጅ፣ እኔ ከሄድኩ በኋላ ብታደርጊው ምናለ? ካንሰር ነው ይላሉ» አሉኝ። ማን ይላል? ስልክ።

እሺ፣ ጨረር ነው፤ አልካድኩም። ግን ጨረር ሁሉ ኤክስሬይ አይደለም። ይሄኛው ከዋይፋይ ጋር አንድ ሰፈር ያለ የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ 2.45 ጊጋኸርዝ። ያሞቃል እንጂ እንደ ኤክስሬይ ዘረመል የሚሰብር ጉልበት የለውም። ምግቡ ውስጥም አያድርም፤ አምፖል ስታጠፉ ብርሃኑ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል እንዴ? በሩ ላይ ያለችውን ወንፊት መሳይ ብረት ደግሞ ልብ በሉ። ሞገዱ 12 ሴንቲሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ቀዳዳዎቹ ግን ጤፍ ቢያሾልኩ ነው። ትንሽ ማምለጡ አይቀርም። ለዚያም ነው አሜሪካኖች ከፈረንጆቹ 1971 ጀምሮ፣ ከምድጃው 5 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ በካሬ ሴንቲሜትር ከ5 ሚሊዋት እንዳይበልጥ የደነገጉት። ራቅ ባሉ ቁጥር ደግሞ ቶሎ ይሳሳል። እትዬ ኮሪደር ሲደርሱ የሚያገኛቸው የቱሉ ዲምቱ ንፋስ ብቻ ነው።

ነገሩን ያመጣው ፐርሲ ስፔንሰር የሚባል አሜሪካዊ ነው። በፈረንጆቹ 1945 ራዳር መሥሪያ ቤት ውስጥ ማግኔትሮን (ሞገዱን የሚያመነጨው ዕቃ) አጠገብ ቆሞ ሳለ ኪሱ ውስጥ ያለ ቸኮላት ቀለጠበት ይባላል። ሰውዬው ነጠላ ለብሶ አልሸሸም። ፈንዲሻ አስመጥቶ አፈነዳበት! ከሁለት ዓመት በኋላ ለገበያ የወጣው ምድጃ ቁመቱ 1.8 ሜትር፣ ክብደቱ 340 ኪሎ ገደማ ነበር።

340 ኪሎ! ይህን ሳስብ ጫኝና አውራጆቹ ትዝ አሉኝ። የኔን ማይክሮዌቭ በአንድ እጄ አንጠልጥዬ የመጣሁት እኔ ነኝ። በሩ ላይ ጠብቀው፣ «እህት፣ ሰፈሩ የኛ ነው» ብለው የማውረጃ አስከፈሉኝ። ከምኑ ነው የሚወርደው? ከእጄ? አለቃቸውን ያን ቀን የጠላሁትን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» የሚለው ተረት ደግሞ ከሁሉ የምወደው ነው፣ ምክንያቱም እኔ ላይ ሠርቷል፦ ሰውዬው የአክስቴን ልጅ አገባ። አሁን በየበዓሉ ቅርጫ ላይ አጠገቤ ተቀምጦ ሥጋ ይመድባል። ሻኛው ሁልጊዜ ወደሱ መደብ ነው የሚሄደው።

የት ነበርኩ? አዎ፣ እትዬ። እኔን የሚያናድደኝ ፍርሃታቸው አይደለም፤ ሰው የፈለገውን ይፍራ። የሚያናድደኝ የሳቸው ቤት ነው። ብርድ ነው ብለው መስኮቱን ጥርቅም፣ በሩ ሥር ጨርቅ ውትፍ። ገና ያልቀላ ከሰል መሀል ክፍሉ ላይ፣ ልጅ ልጃቸው ከምድጃው ሥር ተኝቶ። አቦል ሳንጨርስ ራሴን ይወጋኛል። «ራሴን አመመኝ» ስላቸው፣ «ቡና ሱስ ሆኖብሽ ነው» ብለው ቶናውን ሞላ አድርገው ይቀዱልኛል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ «ጢጥ» አይል። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ወንበር ይቀማል፤ ስንቱ ቤት ማታ ተኝቶ ጠዋት ያልተነሣው በሱ ነው። እዚህ ላይ ነጠላ የሚስብ የለም። ጭራሽ ዕጣን ይጨመርበታል!

ማይክሮዌቭም ቢሆን የሚፈራበት ጊዜ አለው። በሩ ከተጣመመ፣ ማጠፊያው ከላላ፣ በሩ ክፍት እያለ ከሠራ አለቀ፣ ከሶኬቱ መንቀል ነው። ዓይንና የወንድ ዘር ፍሬ ሙቀት አይወዱም። በሩ ሲከፈት ሞገዱን ቀጥ የሚያደርጉ ማብሪያ ማጥፊያዎች ውስጡ ያሉት ለዚሁ ነው። የኔው አምና አልነሣ አለኝና ጠጋኝ መጣ። ፈታታ፣ ገጠመ፣ «ማብሪያው ተቃጥሎ ነው፣ ዳይሬክት አድርጌልሻለሁ» አለኝ። ዳይሬክት! ማብሪያውን ዘሎ ሽቦውን በቀጥታ አገናኝቶታል፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳህኑ እየዞረ! ነቅዬ ጮህኩበት። «እና ዝጊዋ እህቴ፣ ምን ችግር አለው?» አለኝ፣ ሒሳቡን እየቆጠረ። ሌላ ባለሙያ ፈልጌ፣ ድጋሚ ከፍዬ፣ አዲስ ማብሪያ አስገባሁ።

ያንን ጠጋኝ ማን እንዳመጣልኝ ጠይቁኝ እስቲ። እትዬ! የሳቸውንም የእንጀራ ምጣድ ዳይሬክት ያደረገላቸው እሱ ነው። «እጁ የተባረከ ልጅ» ይሉታል። ለኔ ግን ስልክ አያነሣም፤ ብሬም እስካሁን እሱ ጋ ነው።