ቀጥቃጩ ቅጠሉን ከአገሩ ተክል ይቅዳ

በአዲስ አበባ አዳዲስ የመኖሪያ ሰፈሮች የሚያልፍ ሰው የግቢ በሮችን ልብ ብሎ ቢመለከት፣ ሰፈር ቢቀይርም የማይለወጥ ጌጥ ያገኛል፤ በላሜራው ላይ የተበየደ የወይን ዘለላና የጽጌረዳ አበባ፣ ከላይ ደግሞ የጦር ጫፍ። እነዚህ ጌጦች በፋብሪካ በአንድ ቅርጽ ተመርተው በመደብር በቁጥር የሚሸጡ ናቸው። በር ሠሪው ገዝቶ ይበይዳቸዋል፣ ወርቃማ ቀለም ይቀባቸዋል፣ ሥራው በዚያው ያበቃል። ባለቤቱ ለበሩ ብዙ ገንዘብ አውጥቷል፤ ያገኘው አበባ ግን ማንም በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ቀጥቅጦ ያልሠራው አበባ ነው። ብረት የማቅለጥና የመቀጥቀጥ ሙያ ከጥንት ጀምሮ በኖረበት፣ የተክሉ ዓይነትም በበዛበት አገር ይህ ሊያሳዝነን ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ብረት የተፈጥሮን መልክ ለመያዝ የተመቸ መሆኑን ለመረዳት አንድ ቅጠል እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይበቃል። ቀጥቃጩ የብረት ዘንግ በከሰል እሳት ውስጥ ከትቶ በወናፍ ሲያናፋ፣ ብረቱ መጀመሪያ ይቀላል፣ ቀጥሎ ብርቱካንማ ይሆናል፤ ሙቀቱ 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ ወደ ቢጫ ሲያደላ ለመዶሻ ይታዘዛል። ያን ጊዜ ጫፉን ያሾለዋል፤ ከጫፉ ጥቂት ዝቅ ብሎም በመቀጥቀጫው ጠርዝ ላይ እያገላበጠ በመምታት ቀጭን አንገት ያወጣለታል። ይህ አንገት ቅጠሉን ከቅርንጫፉ ጋር የሚያያይዘው ዘንግ ይሆናል። የቀረውን ይጠፈጥፈዋል፣ በመዶሻው ቀጭን አፍ ከመሐል ወደ ዳር እየገፋ ያሰፋዋል፣ በቀዘቀዘ ቁጥር ወደ እሳቱ ይመልሰዋል፣ በመሮ የመሐሉን ጅማትና ከእሱ የሚወጡትን ቀጫጭን ጅማቶች ይስላል። በመጨረሻም በጉጠት ይዞ ጠርዙን ጥቂት ይቆለምመዋል፤ ዝርግ ሆኖ የሚያድግ ቅጠል የለምና። በዚህ ሁሉ ከብረቱ ተቆርጦ የሚወድቅ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ከውፍረቱ የተቀነሰው ወደ ርዝመቱ ወይም ወደ ስፋቱ ይሄዳል። በመዶሻ የተሳበ ዘንግ ቅርንጫፍ እንደሚቀጥነው ቀስ በቀስ የሚቀጥነው ስለዚህ ነው። ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰው ብረት ግን ካርቦን ስለሚበዛበት ተሰባሪ ነው፣ መዶሻም አይችልም፤ ቅርጹ የሰጠውን መልክ ይዞ ይቀራል።

የፓሪሱ የኖትርዳም ካቴድራል የቅድስት ሐና በር በሚባለው ላይ ያሉት የመካከለኛው ዘመን የብረት ማጠፊያዎች የዚህ ጥበብ ታላቅ ምስክር ናቸው። ማጠፊያ በሩን ከመያዝ ያለፈ ሥራ ባይኖረውም፣ እነዚያ ግን እንደ ሐረግ በእንጨቱ ላይ ተስበው ቅጠል አውጥተዋል፤ በመካከላቸውም ወፎችና እንስሳት ይታያሉ። የከተማዋ ሰዎች ይህን የሰው እጅ ሊሠራው አይችልም ብለው ስላመኑ፣ ቢስኮርኔ የተባለው ብረት ሠሪ ነፍሱን ለሰይጣን ሰጥቶ ነው ያበጀው የሚል አፈ ታሪክ አወረዱ።

በእኛ አገር የሆነውን ለሚያውቅ ሰው ይህ አፈ ታሪክ እንግዳ አይደለም። እኛም ብረት ቀጥቃጩን ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይወጣል ብለናል። ነገር ግን የፓሪሱ ወሬ በተረትነት ሲቀር፣ የእኛው ማን ከማን እንደሚጋባ፣ ማን ከማን ጋር ማዕድ እንደሚቆርስ እስከ መወሰን ደረሰ። በጎንደር አካባቢ ርስት የተነፈጉት ቤተ እስራኤላውያን ወንዶቹ በቀጥቃጭነት፣ ሴቶቹ በሸክላ ሥራ ኖረዋል። ገበሬው ያለ እነሱ ማረሻም ማጭድም አልነበረውም፤ ሆኖም ማረሻውን ተቀብሎ ዓይናቸውን ይፈራ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ለብዙ ዘመን ኖሯል። ስለ ክብር መነፈጉ ብዙ ተጽፏል፣ መጻፉም ተገቢ ነው። እኔ ማከል የምፈልገው ጥበቡ የደረሰበትን ጉዳት ነው። የተናቀ ሰው የሚታዘዘው ለግድ የሚያስፈልገውን ዕቃ ብቻ ነው፤ ማረሻ፣ ማጭድ፣ ምሳር፣ ቢላዋ። እስኪ ቅጠል ሥራልኝ፣ ወፍ አውጣልኝ ብሎ ወደ ቀጥቃጭ የሄደ ደንበኛ ስንት ነበር?

ደንበኛ ሲገኝ ምን እንደሚሆን ፊሊፕ ሲመንስ ያሳዩናል። ሲመንስ እ.ኤ.አ. በ1912 በአሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና ግዛት የተወለዱ ጥቁር አሜሪካዊ ሲሆኑ፣ ሙያውን በልጅነታቸው በቻርለስተን ከተማ የተማሩት በባርነት ከተወለዱ አንድ አዛውንት ቀጥቃጭ ነው። ሲጀምሩ የሚሠሩት የፈረስ ኮቴ ብረትና የጋሪ ዕቃ ነበር። ጋሪው በአውቶሞቢል ሲተካ ፊታቸውን ወደ በርና አጥር ጌጥ አዞሩ፤ የሠሯቸውም ጌጦች ከ500 እንደሚበልጡ ይነገራል። በሥራቸው ውስጥ የባሕር ዳርቻው ወፎች፣ ዓሣዎችና የአካባቢው ዘንባባ ይገኛሉ። በጋድስደን ቤት በር ላይ የሠሩት እባብ በተለይ የታወቀ ነው፤ ክሪስቶፈር ጋድስደን በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ዘመን እባብ የተሳለበት ባንዲራ ያስተዋወቀ ሰው ስለነበር እባቡ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ሲመንስ የእባቡ ዓይን የሞተ መስሎ ስላስቸገራቸው ሕያው እስኪመስል ድረስ ደጋግመው ሠርተውታል። እ.ኤ.አ. በ1982 ናሽናል ሄሪቴጅ ፌሎውሺፕ የተባለውን የአገሪቱን ከፍተኛ የባህላዊ ጥበብ ክብር ተቀበሉ። ጋሪ ጠጋኙን ወደዚህ ያደረሰው የእጃቸው ችሎታ ብቻ አልነበረም፤ ለበሬ ይህን ሥሩልኝ የሚሉ የከተማ ነዋሪዎችም ነበሩ።

ለእኛ ቀጥቃጭ የሚሆን አርአያ በዙሪያው ሞልቷል። የዋልያ ቀንድ ከሥሩ ወፍሮ ወደ ኋላ እየታጠፈ ይቀጥናል፣ በፊቱም እርከን እርከን አለው፤ ይህ መዶሻ በወፍራም ዘንግ ላይ በቀላሉ የሚያወጣው መልክ ነው። የእንሰት ቅጠል ወፍራም የመሐል ጅማትና ነፋስ የሚሰነጥቀው ሰፊ ገላ አለው። ሰውን እንደ ጅብራ ተገተረ የምንልበት የሰሜንና የባሌ ተራሮች ተክል፣ ከታች የተነባበረ ቅጠል፣ ከመካከሉም የሚወጣ ረጅም የአበባ ዘንግ ስላለው ለበር ምሰሶ የተፈጠረ ይመስለኛል። በብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ የሚሳለው ሐረግም ቢሆን ለአጥር የተዘጋጀ ንድፍ ነው።

በእጅ የተሠራ ውድ ነው የሚለው መከራከሪያ እውነትነት አለው። ነገር ግን በሩ በሙሉ በመዶሻ ይሠራ የሚል የለም፤ ከበሩ አንድ ክፍል፣ አንድ እጀታ ወይም አንድ ቅርንጫፍ ይበቃል። የከተማ አስተዳደሩም በኮሪደር ልማት ከሚያሠራው የመንገድ ዳር አጥር ጥቂቱን ለቀጥቃጮች መስጠት ይችላል። በአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ቅርጻ ቅርጽ የሚማሩ ወጣቶች አሉ፤ በከተማችን ውስጥ አሮጌ ብረት ወደ ምድጃና ምጣድ የሚለውጡ እጆችም አሉ፤ ሁለቱ በአንድ እሳት ዙሪያ ቢቀመጡ ንድፉም መዶሻውም ይሟላል። በር የሚያሠራ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ውሉ ላይ ጌጡ የየትኛው ተክል ወይም እንስሳ እንደሆነ ይጻፍበት፣ የሠሪው ስም በብረቱ ላይ እንዲመታ ይስማማ፣ የጌጡንም ዋጋ በካሬ ሳይሆን ሥራው በሚወስደው ቀን ያስብ።