የባኽን ሙዚቃ ከነጉድለቱ ስሙት

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ ቤቴ መጣ። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊ የሙዚቃ ደራሲ የባኽን ሁለተኛ የብራንደንቡርግ ኮንቸርቶ (ጥቂት ተጫዋቾች ከኦርኬስትራ ፊት ቆመው የሚጫወቱት ሙዚቃ ነው) ከፍቼ እያዳመጥኩ ነበር። ሙዚቀኞቹ የሚጫወቱት በባኽ ዘመን በነበሩት ዓይነት መሣሪያዎች ነው። ወዳጄ ጥቂት ሰማና ፊቱን አጨማደደ። «ምነው እንዲህ ሻከረ?» አለኝ። ነገሩን ሳስረዳው ጭራሽ ገረመው። «ሰው መኪና እያለው በጋሪ ይሄዳል እንዴ? ቫዮሊኑም ትራምፔቱም ተሻሽሏል። የተሻሻለውን ትቶ ወደ አሮጌው መመለስ ምን ይሉታል?»

ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም። ክላሲካል ሙዚቃ የሚወዱ ብዙ ሰዎች በሆዳቸው ይዘውት የሚዞሩት ጥያቄ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልመልሰው ፈለግሁ። መልሴ አጭር ነው። መሣሪያ ሲሻሻል የሚቀር ነገር አለ። ባኽ ሙዚቃውን የጻፈው ደግሞ ያንን የቀረውን ነገር አስቦ ነው።

ወዳጄ ካልወደደው ኮንቸርቶ ልጀምር። ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ስድስቱን የብራንደንቡርግ ኮንቸርቶዎች ለብራንደንቡርጉ መስፍን ለክርስቲያን ሉድቪግ ያበረከተው በ1721 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በሁለተኛው ኮንቸርቶ ከፊት የሚቆሙት አራት ናቸው፤ ትራምፔት፣ ሪኮርደር፣ ኦቦ የሚባለው የእንጨት መንፊያ እና ቫዮሊን። ሪኮርደር እንደ ዋሽንት ወደ ታች ተይዞ የሚነፋ የእንጨት መሣሪያ ነው። ድምፁ ለስላሳ ነው። ጠንከር አድርገው ቢነፉት ቅኝቱን ይስታል እንጂ አይጮኽም።

እስቲ ይህን መሣሪያ ከዛሬ ትራምፔት ጎን አቁሙት። ትራምፔቱ ይውጠዋል። ሌላ ምንም ማለት አይቻልም። አንዳንዶች ሪኮርደሩን በብረት ፍሉት ይተኩታል። በስቱዲዮ ደግሞ ማይክሮፎን ያስጠጉለታል። ሰው ይህን ሲያይ «ባኽ እንዴት እነዚህን አንድ ላይ አቆማቸው?» ይላል።

ባኽ አልተሳሳተም። የእሱ ዘመን ትራምፔት ሌላ ነበር። ረጅምና ቀጭን የናስ ቱቦ ነው፤ ኖታ ለመለወጥ በጣት የሚጫን ቫልቭ የለውም። ቫልቭ የመጣው በ1810ዎቹ፣ ባኽ ከሞተ ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ነፊ ኖታውን ሁሉ የሚያወጣው በከንፈሩና በትንፋሹ ብቻ ነው። ከፍ ባለው ክልል ሲጫወት ድምፁን ማሳሳት ይችላል። ያን ጊዜ ትራምፔቱ ከሪኮርደሩ ጋር አይጣላም፤ ያወራዋል። አራቱም ይሰማሉ። ይህን በመጀመሪያ በቀጥታ የሰማሁት አውሮፓ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የማውቀው መስሎኝ የነበረው ሙዚቃ እንደ አዲስ ተከፈተልኝ። ትራምፔት ያለበት ኮንቸርቶ ነው የምለው አራት ሰዎች የሚነጋገሩበት ጨዋታ ሆኖ ተገኘ።

ቫልቭ የሌለው ትራምፔት ሌላም ነገር አለው። ተፈጥሮ ከምትሰጠው ኖታዎች አንዳንዶቹ ቅኝታቸው ልክ አይደለም። ነፊው በከንፈሩ ማቃናት አለበት። ሊስት ይችላል። አንዳንዴም ይስታል። አድማጩ ያንን አደጋ ይሰማዋል። ጎትፍሪድ ራይኸ የሚባል፣ ባኽ ይሠራባት በነበረችው በጀርመኗ ከተማ በላይፕዚግ የሚኖር ትራምፔት ነፊ ነበር። ኦክቶበር 5 ቀን 1734 ማታ ከተማዋን ይገዛ ለነበረው ንጉሥ ክብር በተዘጋጀ በዓል ላይ፣ በችቦ ብርሃን፣ የባኽን ካንታታ (በመሣሪያ የታጀበ የመዝሙር ድርሰት) ተጫወተ። በማግሥቱ ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገድ ላይ ወድቆ ሞተ። የከተማው ታሪክ ጸሐፊ ምክንያቱን ሲጽፍ የመንፋቱ ድካምና የችቦው ጭስ ጎድቶት ነው አለ። ባኽ ለእንዲህ ዓይነት ሰው ነው የሚጽፈው። ምን ያህል እንደሚያስከፍለው እያወቀ ነው ኖታውን ከፍ የሚያደርገው። በዛሬው ትንሽ ትራምፔት ያው ኖታ ቀለል ብሎ ይወጣል። ያምራል። ግን ያ ልብ የሚያንጠለጥል ነገር የለበትም።

«ይሻክራል» ወዳለው ወደ ቫዮሊኑ ልምጣ። በባሮክ ዘመን፣ ማለትም ባኽ በኖረበት ዘመን፣ የቫዮሊን ክር ከእንስሳ አንጀት ይሠራ ነበር። የብረት ክር የተስፋፋው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የአንጀት ክር ድምፅ ሲጀምር ትንሽ ይቧጭራል። ያ መቧጨር ለእኔ እንደ ተነባቢ ፊደል ነው። ሰው ሲናገር አናባቢ ብቻ አያወጣም። ከንፈሩ ይገጥማል፣ ምላሱ ጥርሱን ይነካል፤ ቃል የሚሆነው ያኔ ነው። በብረት ክር ላይ ድምፁ ወዲያው ጥርት ብሎ ይወጣል። ዘፈን ይመስላል። የባኽ ቫዮሊን ግን ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ነገር መናገር ነው።

ደጋኑም እንደዚሁ ነው። የድሮው ደጋን ቀጥ ያለ ወይም ወደ ውጭ የጎበጠ ነው። የማሲንቆን ደጋን የሚያውቅ ሰው አቅጣጫው ይገባዋል። ጫፉ ቀላል ነው። ስለዚህ ወደ ታች ሲጎተት ይጠነክራል፣ ወደ ላይ ሲገፋ ይሳሳል። እያንዳንዱ ኖታ ይወለድና ይከስማል። በ1785 አካባቢ ፍራንስዋ ቱርት የተባለ ፓሪሳዊ የእጅ ባለሙያ ዛሬ የምናውቀውን ወደ ውስጥ የጎበጠ ደጋን አሁን ያለውን ቅርጽ አስያዘው። ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ኃይል ያለው፣ ረጅም ዜማ ሳይቆረጥ የሚያወጣ ድንቅ ሥራ ነው። የኋለኛው ዘመን ደራሲዎች የጻፉት ያንን ታሳቢ አድርገው ነው። ባኽ ግን ከሞተ 35 ዓመት ሆኖታል። እሱ የሚያውቀው ወደ ታችና ወደ ላይ እኩል ያልሆኑበትን ደጋን ነው። የጭፈራው ምት የሚመጣው ከዚያ አለመተካከል ነው። በድሮ ደጋን ከሆነ ሙዚቀኛው ምቱን ልፈልግ ማለት የለበትም። እጁ ራሱ ያገኘዋል።

በገናን አስቡ። በዐቢይ ጾም የምንሰማው ያ የሚንዘረዘር ድምፅ ከየት ይመጣል? በልማዱ አሥሩ አውታሮች ከበግ አንጀት ይሠራሉ። በአውታሩና በብርኩማው መካከል ደግሞ እንዝራ የምንላቸው ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች አሉ። አውታሩ ከእነሱ ጋር ሲነካካ ያንዘረዝራል። በገናን ሰምቶ የማያውቅ ሰው «መሣሪያው ተበላሽቷል» ሊል ይችላል። እንዝራዎቹን አውጥቶ ድምፁን አጠራሁት ቢለን ግን ምን እንለዋለን? በገናውን ወሰድክብን ነው የምንለው። ለእኔ የባሮክ መሣሪያ ነገር ከዚህ አይለይም። በአንድ ዘመን ጆሮ ጉድለት የሚባለው ነገር በሌላው ዘመን የሙዚቃው ነፍስ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የምወደውን ነገር መደበቅ አልፈልግም። ባኽን በፒያኖ እወደዋለሁ። የጎልድበርግ ቫሪዬሽኖች የሚባሉት የባኽ ሥራዎች በ1741 አካባቢ ሲታተሙ ሽፋናቸው ላይ የተጻፈው ሁለት የቁልፍ ረድፍ ላለው ሃርፕሲኮርድ እንደሆኑ ነው። ሃርፕሲኮርድ ቁልፉ ሲጫን ክሩን ይቆነጥራል፤ ክራር እንደሚቆነጠር ማለት ነው። ጣት ቢጠነክርም ቢላላም ድምፁ ብዙ አይለወጥም። ሁለት እጅ በሁለት ረድፍ ላይ እየተሻገረ የሚጫወተው ክፍል በፒያኖ አንድ ረድፍ ላይ ሲመጣ እጆቹ ይጋጫሉ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ሆኖም ካናዳዊው ፒያኖ ተጫዋች ግሌን ጉልድ በ1955 በፒያኖ የቀዳውን ስሰማ ክርክሬን እረሳለሁ። አንድ ነገር ብቻ አለ። ፒያኖ ተጫዋቹ የሚወደውን ድምፅ ከፍ አድርጎ «ይህን ስማ» ይለኛል። ሃርፕሲኮርድ ላይ ድምፆቹ እኩል ናቸው፤ የምሰማውን የምመርጠው እኔ ነኝ። ሁለቱም ደስታ አላቸው። ግን አንድ ዓይነት ደስታ አይደለም።

ከዚህ ወገን ቆሜ ስከራከር የማፍርበት ነገርም አለ። የድሮ ሙዚቃን በድሮ መሣሪያ እንጫወት በሚለው እንቅስቃሴ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ሰዎች በዘመናዊ መሣሪያ ባኽን የሚጫወተውን ሁሉ እንደ አላዋቂ ያዩታል። ይህ ልክ አይደለም። ለራሳቸውም አያዋጣም። ምክንያቱም «የድሮ» የሚባለው ራሱ በአዲስ ነገር የተሞላ ነው። ዛሬ የባሮክ ቡድኖች ብዙ ጊዜ የመቃኛ ኖታቸውን በ415 ኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ 415 ንዝረት፣ ያደርጋሉ። ይህ ከዛሬው 440 ግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላል። በባኽ ዘመን ግን ቅኝት ከከተማ ከተማ፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ይለያይ ነበር። 415 ለሥራ እንዲመች የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች የተስማሙበት ቁጥር ነው። ቫልቭ የለውም ባልኩት ትራምፔት ላይም ዛሬ ብዙዎቹ ነፊዎች ቅኝት ማቃኛ ትንንሽ ቀዳዳዎች ያሉበትን ይጠቀማሉ። ራይኸ እንዲህ ያለ ቀዳዳ አያውቅም። ፖላንዳዊቷ ሃርፕሲኮርድ ተጫዋች ቫንዳ ላንዶቭስካ በ1933 የጎልድበርግ ቫሪዬሽኖችን በሃርፕሲኮርድ ስትቀዳ፣ መሣሪያዋ የፓሪሱ ፕሌየል ፋብሪካ እንደ ፒያኖ የብረት ፍሬም ያስገባለት ከባድ ነገር ነበር። ባኽ ቢያየው አያውቀውም።

የጥንት መጻሕፍቱስ ቢሆኑ መቼ ይስማማሉ? ጣትን ክሩ ላይ እያርገበገቡ ድምፁን ማንቀጥቀጥ፣ ማለትም ቪብራቶ፣ ዋናው የሚጣሉበት ነጥብ ነው። የታዋቂው ሞዛርት አባት ሊዮፖልድ ሞዛርት በ1756 ባሳተመው የቫዮሊን ትምህርት እያንዳንዱን ኖታ የሚያንቀጠቅጡትን እንደ ሕመምተኛ ይቆጥራቸዋል። ጣሊያናዊው ቫዮሊን ተጫዋች ጄሚኒያኒ ደግሞ ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ለንደን ላይ ባሳተመው መጽሐፍ በተቻለ መጠን ብዙ ጊዜ ተጠቀሙበት ይላል። ሁለቱም አዋቂዎች ናቸው። ሁለቱም የዚያው ዘመን ሰዎች ናቸው። «እውነተኛው ይህ ነው» የሚል ሰው ከሁለቱ አንዱን ከቤት ማስወጣት አለበት።

አሜሪካዊው የሙዚቃ ታሪክ ምሁር ሪቻርድ ታሩስኪን ይህንን ይዞ ለዓመታት ተከራክሯል። የድሮ ድምፅ የምትሉት የራሳችሁ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ጣዕም ነው፣ ፈጣን፣ ቀላልና ደረቅ ነገር ስለምትወዱ ነው ይል ነበር። ግማሹን እቀበለዋለሁ። እኔም የዚህ ዘመን ሰው ነኝ፤ የባኽን ጆሮ ከየት አመጣለሁ? ግን ሪኮርደሩ መሰማቱ የጣዕም ጉዳይ አይደለም። ወይ ይሰማል ወይ አይሰማም።

በዚህ ነገር ላይ የማከብረው ሰው ኦስትሪያዊው ሙዚቀኛ ኒኮላውስ ሃርኖንኩር ነው። በቪየና ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ቼሎ ይጫወት ነበር። በ1953 ከባለቤቱ ከአሊስ ጋር ሆኖ በድሮ መሣሪያ የሚጫወተውን ኮንሰንቱስ ሙዚኩስ የተባለ ቡድን መሠረተ። በኋላ ከሆላንዳዊው ጉስታቭ ሌዮንሃርት ጋር የባኽን መንፈሳዊ ካንታታዎች በድሮ መሣሪያ መቅዳት ጀመሩ። በ1971 የተጀመረው ሥራ ወደ 20 ዓመት ገደማ ፈጀ። የሚገርመኝ ግን ከዚያ ጎን ለጎን ያደረገው ነው። ከ1975 ጀምሮ ከአምስተርዳሙ ኮንሰርትገባው ኦርኬስትራ ጋር መሥራት ያዘ። ይህ ዘመናዊ መሣሪያ የያዘ ትልቅ ኦርኬስትራ ነው። «መሣሪያችሁን ጣሉ» አላላቸውም። በአንጀት ክርና በድሮ ደጋን የተማረውን አነጋገር አስተማራቸው። ኖታው ይወለድ፣ ይክሰም፤ ጠንካራው ይጠንክር፣ ደካማው ይድከም።

እኔም የምጠይቀው ይህንን ነው። ባኽን የሚያጠና የቫዮሊን ተማሪ ለጥቂት ወራት የድሮ ቅርጽ ያለው ደጋን ተውሶ ይሞክር። ቫዮሊኑን መለወጥ የለበትም። ደጋኑ ብቻ ይበቃል። የፒያኖ ተማሪም ሃርፕሲኮርድ ባለበት ሁሉ ሄዶ ይቀመጥበት። ጣቱ ሲጠነክር ምንም እንደማይመጣ ካየ በኋላ፣ ባኽ ለምን ያን ሁሉ ጌጥ በኖታው ላይ እንደጨመረ ይገባዋል። ወደ ፒያኖው ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ይመለሳል። መሣሪያው አስተማሪ ነው። ከአስተማሪ ጋር ዕድሜ ልክ መኖር ግዴታ አይደለም። አንድ ጊዜ ፊቱ ሳይቀመጡ መቅረት ግን ይጎዳል።

በ1977 ሁለቱ የቮዬጀር መንኮራኩሮች ወደ ጠፈር ሲላኩ የምድርን ድምፅ የያዘ የወርቅ ቅብ ሸክላ ተሸክመው ነበር። በሸክላው ላይ ካለው ሙዚቃ የመጀመሪያው ይኸው ሁለተኛው የብራንደንቡርግ ኮንቸርቶ፣ የመጀመሪያ ክፍሉ ነው። የሚመራው ካርል ሪሽተር፣ የሚጫወተው የሙኒክ ባኽ ኦርኬስትራ፣ መሣሪያው ዘመናዊ። ይህንን ቅጂ እወደዋለሁ። ኃይል አለው፣ ደስታ አለው። ለወዳጄ ሁለቱን አስተያይቶ እንዲሰማ መጀመሪያ የላክሁለት ይህንን ነው። ቀጥሎ ቤቴ የሰማውን በድሮ መሣሪያ የተቀዳውን ላክሁለት። ሁለተኛውን ክፍልም እንዲሰማ ነገርኩት። እዚያ ትራምፔቱ ዝም ይላል፤ የሚያወሩት ሪኮርደሩ፣ ኦቦውና ቫዮሊኑ ብቻ ናቸው።

ትናንት ማታ ደወለልኝ። የድሮው አሁንም ይሻክረዋል። ግን አንድ ነገር ሊጠይቀኝ ፈልጎ ነው። «ያቺ ዋሽንት የመሰለችው» አለኝ፣ «በመጀመሪያው ቅጂ ላይም ነበረች እንዴ? ጆሮዬ ገብታም አታውቅ።»

ነበረች አልኩት።